ሮበርትስን የረገሙት ወግ አጥባቂዎች ምን አሸነፉ?

ጁን 28 ቀን 2012 ረፋድ ላይ የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ለጥቂት ደቂቃዎች ያህል ድል አድርገው ነበር። ሲኤንኤን እና ፎክስ ኒውስ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻ አይተው የኦባማ የጤና ሕግ ወድቋል ብለው ዘገቡ። ፕሬዚዳንት ኦባማም በዋይት ሐውስ ቴሌቪዥን ፊት ቆመው ይህንኑ ነው ያነበቡት፤ ሕጉ እንዳልወደቀ ያወቁት የሕግ አማካሪያቸው ገብተው አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ሲያሳዩአቸው ነው። የጣቢያዎቹ ስሕተት ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። የዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ጽሑፍ በእርግጥም የሚጀምረው መንግሥትን በመርታት ነው፤ መንግሥት የሚያሸንፈው ብዙ ገጾች ከተገለጡ በኋላ ነው።

ያን ቀን ከወግ አጥባቂው ወገን የተሰማው እርግማን፣ ማጽናኛና ዛቻ ዛሬ ከውጤቱ አጠገብ ተቀምጦ ሊመዘን ይችላል። ሲመዘን ደግሞ የሚገርም ነገር ይወጣዋል። አብዝተው የተቆጡት ሰዎች ያገኙትን አላዩም፤ «ውስጥ ውስጡን ያሸነፍነው እኛ ነን» ያሉትም ድሉን የፈለጉት በሌለበት ቦታ ነበር። የሚሊዮኖችን ኑሮ የለወጠው የወግ አጥባቂዎች ምላሽ ከጥቂት አገረ ገዥዎች ጽሕፈት ቤት የወጣ ደረቅ ደብዳቤ ነው። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ማርች 23 ቀን 2010 ሲፈረም ከሪፐብሊካን ወገን አንድም የድጋፍ ድምፅ አላገኘም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው 219 ለ212 በሆነ ጠባብ ልዩነት ነው። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው። የመድን ኩባንያዎች ቀድሞ የታመመን ሰው አንቀበልም እንዳይሉ፣ በሕመሙም ሳቢያ ከፍ ያለ አረቦን እንዳይጠይቁት ተከለከሉ። ይህ ብቻ ቢሆን ጤነኛው እስኪታመም ጠብቆ ይመዘገባል፤ ኩባንያዎቹም ይከስራሉ። ስለዚህ ሕጉ እያንዳንዱ ሰው መድን እንዲኖረው አዘዘ። መድን የሌለው ሰው ከዓመታዊ የገቢ ግብሩ ጋር ቅጣት ይከፍላል፤ ቅጣቱ በ2016 ለአንድ አዋቂ ሰው 695 ዶላር ወይም ከተወሰነ ወለል በላይ ካለው ገቢ 2.5 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነበር።

ሕጉ በተፈረመበት በዚያው ቀን ፍሎሪዳና ሌሎች ግዛቶች ክስ መሠረቱ፤ የከሳሾቹ ግዛቶች ቁጥር በመጨረሻ 26 ደረሰ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሆነ፣ አንድ ዳኛ ብድግ ብሎ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ሲሽር ማየት ለእኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ግን የተለመደ ነው። በጃንዋሪ 2011 በፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ የተሰየሙ አንድ የፌዴራል ዳኛ ሕጉን ከነሥሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለውታል።

ስለ መድን ግዴታው ወግ አጥባቂዎች ደጋግመው ማስታወስ የማይወዱት ነገር አለ፤ ሐሳቡ የተወለደው በእነርሱ ቤት ነው። በ1989 ያቀረበው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን የተባለው የወግ አጥባቂዎች የጥናት ተቋም ነበር። በ1993 ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ቼፊ የክሊንተንን ዕቅድ ለመመከት ባዘጋጁት ረቂቅ ውስጥ አስገቡት። በ2006 ደግሞ ሚት ሮምኒ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ሳሉ በግዛታቸው ሕግ አደረጉት። ያን ጊዜ መከራከሪያው «ሳይከፍሉ የሚታከሙ ሰዎች ሸክማቸውን በሌላው ላይ መጣል የለባቸውም» የሚል የግል ኃላፊነት ነበር። ኦባማ ሲያነሡት የነፃነት ጠላት ሆኖ ተገኘ። ፖለቲካ እንዲህ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው የ2012ቱ ቁጣ ከጥንት የመጣ የመርሕ ቁጣ ሊመስለው ይችላል።

የክሱ ክር የሕገ መንግሥቱ የንግድ አንቀጽ ነበር። ኮንግረስ በግዛቶች መካከል የሚደረገውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን አለው። ይህ ሥልጣን እጅግ ሰፍቶ ኖሯል፤ በ1942 ፍርድ ቤቱ ኦሃዮ ውስጥ ሮስኮ ፊልበርን የተባለ ገበሬ ለገዛ እርሻውና ለቤቱ ያመረተው ስንዴ እንኳ የአገሪቱን ዋጋ ስለሚነካ በኮንግረስ ሊገደብ ይችላል ብሎ ነበር። ስለዚህ ብዙ የሕግ ምሁራን የግዛቶቹን ክስ እንደ ቀልድ ነበር ያዩት። የጆርጅታውኑ ፕሮፌሰር ራንዲ ባርኔትና ጓደኞቻቸው ግን አንድ ልዩነት አበጁ። ፊልበርን ስንዴ ዘርቷል፤ መድን ያልገዛ ሰው ግን ምንም አላደረገም፤ ኮንግረስ የሚሠራን ሰው መቆጣጠር እንጂ ምንም የማይሠራን ሰው «ግዛ» ብሎ ማዘዝ አይችልም አሉ። በማርች 2012 ለሦስት ቀናት፣ ስድስት ሰዓት ያህል በፈጀው ክርክር ላይ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ «መንግሥት ብሮኮሊ ግዙ ብሎስ ሊያዝ ይችላል?» ብለው ሲጠይቁ፣ በቀልድ የተጀመረው ክርክር ከባድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እስከ ጁን ድረስ ወግ አጥባቂዎች ድሉን በኪሳቸው እንዳስገቡት ያህል ነበሩ።

ሮበርትስ ምን ወሰኑ

ውሳኔው ሦስት ክፍል አለው። በንግድ አንቀጹ ላይ ሮበርትስ ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ተስማሙ፤ ኮንግረስ ያለን ንግድ ይቆጣጠራል እንጂ ሰውን ወደ ንግድ አያስገድድም። በግብር ላይ ግን ከአራቱ ለዘብተኛ ዳኞች ጋር ቆሙ። ቅጣቱ የሚሰበሰበው በግብር መሥሪያ ቤት ነው፤ ያልከፈለ ሰው አይታሰርም፤ መጠኑም ከገቢ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ሕጉ «ቅጣት» ቢለውም ኮንግረስ በግብር ሥልጣኑ ሊጥለው ይችላል አሉ። ሕጉ በ5 ለ4 ዳነ። ሦስተኛው ክፍል ድሆች በመንግሥት ወጪ የሚታከሙበትን ሜዲኬድ የተባለ ፕሮግራም የሚመለከት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ወግ አጥባቂዎችን ያበገነው የዚህ አመክንዮ ጠመዝማዛነት ነበር። የ1867 አንድ ሕግ ግብር ገና ሳይከፈል በፍርድ ቤት ሊከሰስበት አይችልም ይላል። ቅጣቱ ግብር ከሆነ ክሱ ገና ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ሮበርትስ ለዚያኛው ሕግ ሲሆን ግብር አይደለም፣ ለሕገ መንግሥቱ ሲሆን ግን ግብር ነው አሉ፤ ሁለቱንም በአንድ ውሳኔ ውስጥ። የሕግ ሰዎች ይህን በምክንያት ሊያስረዱት ይችላሉ፤ ምክንያቱም መጀመሪያው የኮንግረስን የስያሜ ፈቃድ፣ ሁለተኛው የነገሩን ባሕርይ ይመለከታል። ለተራው ሪፐብሊካን መራጭ ግን ጠዋት ግብር ያልሆነው ከሰዓት በኋላ ግብር ሆኖ መጣ። በዚያ ላይ ኦባማ በሴፕቴምበር 2009 በኤቢሲ ቴሌቪዥን ቀርበው ቅጣቱ የግብር ጭማሪ ነው የሚለውን ሐሳብ በፍጹም እንደማይቀበሉ ተናግረው ነበር።

ስካሊያ፣ ኬኔዲ፣ ቶማስና አሊቶ በጋራ የጻፉት የልዩነት ሐሳብ ሕጉ በሙሉ መውደቅ አለበት ይላል። ኬኔዲ ከችሎቱ ላይ ሆነው ጮክ ብለው አነበቡት። በንግድ አንቀጹ ጉዳይ ከሮበርትስ ጋር ፍጹም የተስማሙ ቢሆንም በዚያ ክፍል እንኳ ስማቸውን ከእርሳቸው ስም አጠገብ አላስቀመጡም። ቅያሜው በግቢው ውስጥ ምን ያህል እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም።

እርግማኑ

ሮበርትስን በ2005 የሾሙት ጆርጅ ቡሽ ናቸው። ሹመቱ በሴኔት 78 ለ22 ሲጸድቅ ከ22ቱ ተቃዋሚዎች አንዱ የኢሊኖይ ሴናተር ባራክ ኦባማ ነበሩ። ኦባማ ያልፈለጉት ሰው ትልቁን ሥራቸውን አዳኑላቸው። ለወግ አጥባቂዎች ይህ ከሽንፈት በላይ ነበር፤ ክህደት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምላሽ ከሕግ ይልቅ ከሰውየው ጋር የተያያዘ ሆነ። አንድ ታዋቂ የሬዲዮ አቅራቢ ውሳኔውን ሮበርትስ ከሚወስዱት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር አገናኘው፤ ይህን የመሰለ ነገር የሚመለስለት መልስ የለውም። ያን ጊዜ የኢንዲያና የኮንግረስ አባል የነበሩት ማይክ ፔንስ በዝግ ስብሰባ ላይ ውሳኔውን ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ጋር አነጻጽረው ኋላ ይቅርታ ጠየቁ። የኬንታኪው ሴናተር ራንድ ፖል ደግሞ «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ያሉ አንድ ሁለት ሰዎች ሕገ መንግሥታዊ ነው ስላሉ ብቻ አንድ ነገር ሕገ መንግሥታዊ አይሆንም» አሉ። ውሳኔው በሌላ አቅጣጫ ቢሄድ ኖሮ ከዚሁ ወገን ማንም ይህን አይልም ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ እሳቱ ላይ ዘይት ተጨመረ። የሲቢኤስ ዘጋቢዋ ጃን ክሮፎርድ፣ ሮበርትስ መጀመሪያ ሕጉን ለመሻር ከአራቱ ጋር ቆመው እንደነበርና በኋላ ሐሳባቸውን እንደለወጡ ከውስጥ ምንጮች ጠቅሳ ዘገበች። ከዚያ ግቢ የዚህ ዓይነት ወሬ ማምለጡ ራሱ ብርቅ ነው። ሮበርትስ ግን ሙያ በልብ ነው ያሉ ይመስል ዝም አሉ። የተናገሩት ቢኖር በዚያው ሰሞን በአንድ የዳኞች ስብሰባ ላይ ለማስተማር ወደ ማልታ እንደሚሄዱ ገልጸው፣ ማልታ የማይደፈር የደሴት ምሽግ ስለሆነች ሐሳቡ ጥሩ እንደመሰላቸው መቀለዳቸው ብቻ ነው።

ማጽናኛው

ሁለተኛው ምላሽ ቀዝቀዝ ካሉ ሰዎች መጣ። አምደኛው ጆርጅ ዊል ወግ አጥባቂዎች ያገኙት ነገር ትልቅ ነው ብለው ጻፉ፤ ለ70 ዓመታት ያህል ሲሰፋ የኖረው የኮንግረስ የንግድ ሥልጣን ድንበር ተበጀለት። ቻርልስ ክራውትሃመር የሮበርትስን ልብ ለማንበብ ሞከሩ። ሰውየው በአንድ በኩል ወግ አጥባቂ ዳኛ፣ በሌላ በኩል የፍርድ ቤቱ ስም ጠባቂ ናቸው፤ የፕሬዚዳንት ምርጫውን የቋጨው የ2000ው የቡሽና የጎር ውሳኔ ጠባሳ ገና ባልሻረበት ሁኔታ፣ በምርጫ ዓመት፣ በአንድ ድምፅ ልዩነት የአንድን ፕሬዚዳንት ታላቅ ሥራ ማፍረስ አልፈለጉም የሚል ነው ንባባቸው። ሌሎችም ሮበርትስ ቼዝ እየተጫወቱ ነው፣ ተንኮሉ ቆይቶ ይገባናል እያሉ ራሳቸውን አጽናኑ። በቡሽ ዘመን የፍትሕ ሚኒስቴር ባለሥልጣን የነበሩት ጆን ዩ ግን አጽናኞቹን በብዕራቸው ገረፏቸው፤ የግብር በር ወለል ብሎ ከተከፈተ የንግድ በር መዘጋቱ ምን ዋጋ አለው ባይ ናቸው።

በእኔ ግምት ዩ ስለ ማጽናኛው ትክክል ነበሩ፤ ስለ ግብሩ ግን ተሳስተዋል። የንግድ አንቀጹ ድንበር ዛሬም በቦታው አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በእርሱ ተመርኩዞ የጣለው ሌላ ታላቅ ሕግ ግን የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኮንግረስ ዜጎችን «ይህን ዕቃ ግዙ» ብሎ የሚያዝበት ጊዜ ከስንት አንዴ ነው፤ ብሮኮሊ ግዙ የሚል ረቂቅ ማንም አላቀረበም። ወግ አጥባቂዎች ጠላት በማይመጣበት በኩል ግንብ ተሠራላቸው።

የግብሩ ነገር ግን ሌላ ነው። ኮንግረስ ግብርን በሚነካ የበጀት ሕግ ላይ ሲመክር በሴኔት አብዛኛውን ሕግ የሚገታው የ60 ድምፅ መሰናክል የለበትም፤ ተራ አብላጫ ይበቃል። ይህን ጥቂት ሪፐብሊካኖች በዚያው ቀን አስተውለውታል። እጩው ሚት ሮምኒ የኮንግረሱ ሕንፃ በሚታይበት ሰገነት ላይ ቆመው «ፍርድ ቤቱ በሥራ ዘመኑ የመጨረሻ ቀን ያላደረገውን እኔ ፕሬዚዳንት ሆኜ ከተመረጥሁ በመጀመሪያው ቀን አደርገዋለሁ» አሉ። ዛቻው ገንዘብ አስገኘ፤ በአንድ ቀን ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ በኢንተርኔት ተዋጣላቸው። ሰውየው ግን በገዛ ታሪካቸው ታስረው ነበር። በኦባማ ሕግ ያለው ግብር ከሆነ እርሳቸው ማሳቹሴትስ ላይ የጣሉት ምን ሊባል ነው? አማካሪያቸው መጀመሪያ ቅጣት ነው፣ ግብር አይደለም አለ፤ ሮምኒ ከሁለት ቀን በኋላ ራሳቸው ቀርበው ግብር ነው አሉ። በጁላይ 11 የተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን ለመሻር 244 ለ185 ድምፅ ሰጠ፤ ሴኔቱ በዴሞክራቶች እጅ ስለነበር ፋይዳ አልነበረውም። በኖቬምበር ሮምኒ ተሸነፉ። በ2013 መንግሥትን ለ16 ቀናት ያዘጋው ግብግብም ምንም አላመጣም።

ቀኑ የደረሰው በ2017 ነው። ፕሬዚዳንትነቱና ሁለቱም ምክር ቤቶች በሪፐብሊካኖች እጅ ገቡ፤ የመሻሪያው ሕግ ግን በጁላይ ሌሊት ላይ ሴናተር ጆን ማኬይን አውራ ጣታቸውን ወደ ታች ሲደፉ በ49 ለ51 ወደቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሪፐብሊካኖች ባሳለፉት ትልቅ የግብር ሕግ ውስጥ ግን አንዲት አጭር አንቀጽ ገባች፤ ከ2019 ጀምሮ መድን ያልገዛ ሰው የሚከፍለው መጠን ዜሮ ይሁን የምትል። ሮበርትስ ግብር ነው ያሉት ነገር እንደ ማንኛውም ግብር ተመኑ ተቀነሰ፤ በተራ አብላጫ፣ ያለ ብዙ ጩኸት። ወግ አጥባቂዎች ለሰባት ዓመት በፍርድ ቤት የታገሉትን ግዴታ የገደሉት የረገሙትን ቃል ተጠቅመው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ሁሉንም ያሳፈረ ነው። የመድን ግዴታው ከሞተ ገበያው ይፈርሳል ተብሎ ነበር። ይህን የሚሉት ተቃዋሚዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ የኦባማ ጠበቆችም በ2012 ግዴታው ከወደቀ የታመሙትን አትከልክሉ የሚለው ክፍል አብሮ መውደቅ አለበት ብለው ተከራክረዋል። ግዴታው ወደቀ፤ ገበያው ግን ቆመ። ሰው መድን የሚገዛው ቅጣቱን ፈርቶ ሳይሆን አረቦኑን የሚያቃልልለት ድጎማ ስላለ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓመት ሙሉ አገር የተናወጠበት የሕገ መንግሥት ጥያቄ ሕጉ ያለ እርሱ ሊኖር በሚችል አንቀጽ ላይ የተነሣ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው።

«ሌላ ሮበርትስ አንፈልግም»

ቁጣው በአንድ ቦታ ግን ዘላቂ ፍሬ አፍርቷል፤ በዳኞች አመራረጥ። በ2015 ሮበርትስ በድጎማው ጉዳይ በ6 ለ3 ሕጉን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያድኑና ስካሊያ ከእንግዲህ ሕጉ በፍርድ ቤቱ ስም ይጠራ እያሉ ሲያላግጡ፣ የወግ አጥባቂው ወገን ትዕግሥት አለቀ። በ2016 የምርጫ ዘመቻ ዶናልድ ትራምፕ ሮበርትስን ፍጹም ጥፋት ናቸው አሏቸው፤ ቴድ ክሩዝም ሹመታቸውን በመደገፋቸው እንደሚጸጸቱ ተናገሩ። ትራምፕ በዚያ ዓመት በሜይ ከማን ከማን መካከል ዳኛ እንደሚሾሙ የሚገልጽ የስም ዝርዝር አስቀድመው ማውጣታቸው ከዚህ ጥርጣሬ የተወለደ ነው። መራጩ በእጩው እንዲተማመን ስሞቹ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነበረባቸው።

ማጣሪያው ግን የተፈለገውን አጠራ ወይ? ብሬት ካቫኖ በ2011 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ ስለዚሁ ሕግ በጻፉት የልዩነት ሐሳብ የግብሩን ጥያቄ ከፊት አምጥተው ነበር፤ በ2018 ሲታጩ አንዳንድ ወግ አጥባቂዎች ለሮበርትስ መንገዱን የጠቆሙት እርሳቸው ናቸው ብለው አጉረመረሙ። ኤሚ ባሬት በ2017 ባወጡት ጽሑፍ ሮበርትስ ሕጉን ለማዳን ሲሉ ቃሉ ከሚሸከመው ትርጉም በላይ ገፍተውታል ብለው ነበር። በ2020 ሲታጩ ዴሞክራቶች የታመሙ ሰዎችን ፎቶግራፍ በሴኔቱ አዳራሽ ደርድረው፣ ይህች ሴት ከተሾመች ሕጉ አበቃለት አሉ። ያን ጊዜ ሦስተኛው ክስ በመንገድ ላይ ነበር፤ ግብሩ ዜሮ ከሆነ ግብር መሆኑ ቀርቷል፣ ስለዚህ ሕጉ በሙሉ ይውደቅ የሚል ከቴክሳስ የተነሣ ክስ። በጁን 2021 ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ከሳሾቹ የደረሰባቸው ጉዳት ስለሌለ የመክሰስ መብት የላቸውም አለ። ካቫኖም፣ ባሬትም፣ ከ2012ቱ አራት ተቃዋሚዎች አንዱ የነበሩት ቶማስም ከሰባቱ መካከል ነበሩ። አሊቶ በምሬት ይህ የሦስት ክፍል ተከታታይ ታሪክ ሦስተኛው ክፍል ነው ብለው ጻፉ።

ዳኞቹ ተለሳልሰዋል ብዬ አላምንም፤ በሌሎች ጉዳዮች ያደረጉትን አይተናል። የተለወጠው ሕጉ የቆመበት መሬት ነው። በ2012 ሕጉ ወረቀት ላይ ነበር፤ ድጎማውም ሆነ የሜዲኬዱ መስፋፋት የሚጀምረው በ2014 ነው። በ2021 ግን ሚሊዮኖች በእርሱ ይታከሙበት ነበር። ወረቀት መቅደድና የሰው ሐኪም መቀማት አንድ አይደለም።

ካሜራ ያላየው ደብዳቤ

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል። ሜዲኬድ ከ1965 ጀምሮ የፌዴራሉና የግዛቶቹ መንግሥታት ወጪውን እየተጋሩ ድሆችን የሚያሳክሙበት ፕሮግራም ነው። የኦባማ ሕግ ገቢያቸው ከድህነት ወለል 138 በመቶ የማይበልጥ አዋቂዎችን ሁሉ እንዲይዝ አሰፋው። የፌዴራሉ መንግሥት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ወጪውን ሙሉ በሙሉ፣ ኋላም እየቀነሰ ከ2020 ጀምሮ 90 በመቶውን ይችላል። እምቢ ያለ ግዛት ግን ከአዲሱ ብቻ ሳይሆን ከነባሩም የሜዲኬድ ገንዘብ ሊነቀል ይችላል። ሮበርትስ ይህን ጭንቅላት ላይ ሽጉጥ መደገን ነው አሉት፤ ሜዲኬድ ከአማካይ ግዛት በጀት ከ20 በመቶ በላይ ስለሚይዝ ምርጫው የይስሙላ ነው። በዚህ ላይ ከለዘብተኞቹ ብራየርና ኬገን ጭምር ተስማምተው ድምፁ 7 ለ2 ሆነ። ግዛቶች መስፋፋቱን እምቢ ብለው ነባሩን ገንዘብ መያዝ ተፈቀደላቸው።

በዚያ ሰሞን ጋዜጦች ለዚህ የሰጡት ቦታ ትንሽ ነበር። በጁላይ 9 የቴክሳሱ አገረ ገዥ ሪክ ፔሪ ለጤና ሚኒስትሯ ካትሊን ሴቤሊየስ ደብዳቤ ጽፈው ግዛታቸው ሜዲኬድን እንደማያሰፋ አስታወቁ። የፍሎሪዳው ሪክ ስኮት፣ የሉዊዚያናው ቦቢ ጂንዳልና የደቡብ ካሮላይናዋ ኒኪ ሄሊም በዚያው መንገድ ሄዱ። ሁሉም ግን አልሄዱም። በጃንዋሪ 2012 አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ኦባማ ፊት ጣታቸውን የቀሰሩት የአሪዞናዋ ጃን ብሩወር በ2013 ከገዛ ፓርቲያቸው ጋር ተጣልተው መስፋፋቱን አጸደቁ። የኦሃዮው ጆን ኬሲክ ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ በመንግሥተ ሰማያት ደጃፍ የሚጠይቅህ መንግሥትን ለማሳነስ ምን እንዳደረግህ ሳይሆን ለድሆች ምን እንዳደረግህ ነው ብለው ለአንድ የፓርቲያቸው እንደራሴ ነገሩት፤ ምክር ቤታቸውን ዞረው በሌላ በር አስገቡት። በ2012ቱ ውሳኔ ምላሽ ውስጥ እውነተኛው የወግ አጥባቂዎች ክርክር ይሄ ነበር፤ በቴሌቪዥን ላይ ካለው ይልቅ በየግዛቱ ዋና ከተማ የተደረገው።

የእምቢታው ውጤት ሕጉን ያረቀቁት ያላሰቡት ጉድጓድ ነው። ድሃ ሁሉ ሜዲኬድ ይገባል ብለው ስለገመቱ፣ በመድን ገበያው ላይ የሚሰጠውን ድጎማ ከድህነት ወለል በላይ ላለ ሰው ብቻ አደረጉት። ስለዚህ እምቢ ባለ ግዛት ውስጥ ትንሽ ገቢ ያለው ሰው ድጎማ ሲያገኝ፣ ከእርሱ የባሰው ድሃ ሜዲኬድም ድጎማም የለውም። ቴክሳስ ውስጥ ልጅ የሌለው ጤነኛ አዋቂ የቱንም ያህል ቢደኸይ ሜዲኬድ አይገባም።

ይህ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ወሬ አይደለም። በዳላስና በአትላንታ ዙሪያ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ቴክሳስና ጆርጂያ ደግሞ መስፋፋቱን ካልተቀበሉት አሥር ግዛቶች መካከል ናቸው። ሜሪላንድ በ2014 መጀመሪያ፣ ቨርጂኒያ በ2019 መጀመሪያ አስፍተዋል። ታክሲ የሚነዳ ወይም የራሱን ትንሽ ሥራ የሚሠራ ሰው ከአሠሪ የሚያገኘው መድን ስለሌለው፣ ገቢው በአንድ መጥፎ ዓመት ቢወርድ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በዳላስ የሚገጥመው ዕጣ ይለያያል። አንድ እንግዳ ነገርም ነበር። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ግሪን ካርድ አግኝተው አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች በአብዛኛው ሜዲኬድ ስለሚከለከሉ፣ ሕጉ ከድህነት ወለል በታች ቢሆኑም ድጎማውን ፈቅዶላቸው ነበር። ስለዚህ ቴክሳስ ውስጥ አዲስ ገቢው ድሃ መድን ሲገዛ የዜግነት ወረቀት ያለው ድሃ ጎረቤቱ አይችልም ነበር። ይህችን ቀዳዳ የ2025ቱ የትራምፕ የበጀትና የግብር ሕግ ከ2026 ጀምሮ ዘግቷታል።

ከእምቢተኛ ግዛቶች መካከል ሜይን፣ አይዳሆ፣ ዩታ፣ ኔብራስካ፣ ኦክላሆማ፣ ሚዙሪና ደቡብ ዳኮታ እምቢታቸውን የተዉት በሕዝብ ድምፅ ነው። አብዛኞቹ የለየላቸው ሪፐብሊካን ግዛቶች ናቸው። ወግ አጥባቂ መራጭ ወግ አጥባቂ መሪዎቹን እንደመረጠ ይኸው ጉዳይ ለብቻው ሲቀርብለት እሺ አለ።

ፍርድ ቤቱ አሁንም ከዚህ ሕግ አልተላቀቀም። በጁን 2025 አሠሪዎች ከቴክሳስ ባመጡት ክስ፣ መድን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊሸፍናቸው የሚገቡትን የመከላከያ ሕክምናዎች የሚወስነው የባለሙያዎች ቡድን በሕጋዊ መንገድ ተሹሟል ብሎ በ6 ለ3 ፈረደ። ጸሐፊው ካቫኖ፣ ሕጉን የተከላከለው የትራምፕ መንግሥት ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ውሳኔው ቡድኑን የመሻርና ምክሩን የመገምገም ሥልጣን በጤና ሚኒስትሩ እጅ አስቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ትግል የበጀት ትግል ነው። በ2025 መኸር መንግሥት ለ43 ቀናት የተዘጋው እስከዚያ ዓመት መጨረሻ በተወሰነው ተጨማሪ የመድን ድጎማ ሳቢያ ነበር። የ2025ቱ የትራምፕ የበጀት ሕግ በሜዲኬድ መስፋፋት የገቡ አዋቂዎች ቢዘገይ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል፤ ከዚያው ዓመት አንሥቶም ግሪን ካርድ ያልያዙ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ከገበያው ድጎማ ያወጣል። በክርክሩ ወቅት አንዳንድ ወግ አጥባቂ የኮንግረስ አባላት 90 በመቶው የፌዴራል ድርሻ እንዲቀነስም ጠይቀው ነበር፤ በመጨረሻው ሕግ ውስጥ አልገባም። ቨርጂኒያን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች ግን ይህ ድርሻ ዝቅ ካለ መስፋፋቱ እንዲቆም የሚል አንቀጽ በሕጋቸው ውስጥ አላቸው፤ እንዲህ ያለውን አንቀጽ መጻፍ የቻሉትም በ2012 የመውጣት መብት ስለተሰጣቸው ነው። ድርሻውን ለመቀነስ ደግሞ ወደ ዘጠኙ ዳኞች መሄድ አያስፈልግም፤ በሁለቱ ምክር ቤቶች ተራ አብላጫ ድምፅና የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይበቃል።